አንጎል ከቆሰለ በኋላ፦ የአእምሮን ተግባር መልሶ ስለ ማቋቋም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ቤቱን የሚያስተዳድር አባት በድንገት ወድቆ፣ ሲነቃ ቀኝ እጁ ዝሎ አንደበቱም ታስሮ ቢገኝ፣ ቤተ ሰቡ ለሐኪሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይተርፋል ወይ?» የሚል ነው። ነፍሱ መትረፏ ከታወቀ በኋላ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ እርሱም «እንደ ድሮው ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚመልሰው የሕክምና ሙያ ነው። ለሁለተኛው ግን ሕክምና ብቻውን አይበቃም። የሰው ልጅ እንዴት እንደሚማር፣ እንደሚያስታውስ፣ እንደሚናገርና እንደሚያስብ የሚመረምረው የሥነ ልቡና ሙያ የበኩሉን ማቅረብ ይኖርበታል።

ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ጊዜ ይፈታዋል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከእንግዲህስ አክትሞለታል» የሚል ነው። አንዱ የተስፋ፣ ሌላው የተስፋ መቁረጥ ቢመስሉም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሕመምተኛውን ያለ ሥራ ከአንድ ጥግ ያስቀምጡታል። የዚህ ንግግር ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መልስ መኖሩን፣ ያም መልስ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው።

1. የነገሩ አመጣጥ

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 መናገር ተስኖት የኖረ አንድ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘ። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ የሰሙትን ንግግር ያለ መረዳት ችግር ከሌላ የአንጎል ክፍል ጉዳት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሊቃውንት እያንዳንዱ የአእምሮ ችሎታ በአንጎል ውስጥ የየራሱ ቤት አለው ወደሚል አስተሳሰብ አዘነበሉ። የዚህም አስተሳሰብ መደምደሚያ ከባድ ነበር፤ ቤቱ ከፈረሰ ነዋሪው የለምና። የሞተ የአንጎል ሕዋስ እንደ ቆዳ ቁስል ሽሮ አይተካም። በተቃራኒው ወገን አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ በ1929 ባሳተመው ሥራ፣ ዋናው ነገር የጉዳቱ ቦታ ሳይሆን መጠኑ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ወገኖች ብዙ እውነት አስገኝተዋል፤ ሆኖም ለአስተማሪና ለሥነ ልቡና ባለሙያ ሰፊ የሥራ ቦታ አልተዉም።

ሦስተኛውን መንገድ የከፈቱት በሶቪየት ኅብረት የነበሩት ሌቭ ቪጎትስኪና አሌክሳንድር ሉሪያ ናቸው። ቪጎትስኪ በ1896 ተወልዶ ገና በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ያረፈ ሲሆን፣ ያወረሰው ዋና አሳብ የሰው ከፍተኛ የአእምሮ ችሎታዎች አስቀድመው በሰዎች መካከል ይፈጠራሉ፣ በኋላም ወደ ውስጥ ይገባሉ የሚል ነው። ሕፃን በመጀመሪያ እናቱ «ተው» ስትለው ይተዋል፤ ቆይቶም ራሱን በራሱ «ተው» ይላል። ከውጭ ወደ ውስጥ የገባ ነገር በጉዳት ምክንያት ከውስጥ ቢጠፋ፣ እንደገና ከውጭ ተጀምሮ ሊገነባ ይችላል ማለት ነው።

ሉሪያ ይህን አሳብ ወደ አንጎል ጥናት ወስዶ እንዲህ አስረዳ። መጻፍን የመሰለ ችሎታ በአንድ ስፍራ የተቀመጠ ዕቃ ሳይሆን ብዙ ክፍሎች በኅብረት የሚያከናውኑት ሥራ ነው። አንድ የአማርኛ ጸሐፊ «ቀበረ» ብሎ ለመጻፍ በመጀመሪያ ድምፁን ከ«ከበረ» መለየት አለበት። ቀጥሎም የድምፆቹን ተራ መጠበቅ፣ የፊደላቱን መልክ ማስታወስ፣ «በ» ከ«ቡ» በአንዲት ትንሽ ቅጥያ መለየቱን ማስተዋል፣ እጁን ማንቀሳቀስ፣ ከሁሉም በላይ ለምን እንደሚጽፍ አለመርሳት ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መጻፍ ይሰናከላል፤ ነገር ግን የተሰናከለበት ምክንያት በየሰው ይለያያል። ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር «መጻፍ አይችልም» ብሎ መመዝገብ ሳይሆን ከሰንሰለቱ የተበጠሰው የትኛው ቀለበት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ተግባሩ ደግሞ ጤነኛ ሆነው በቀሩት ቀለበቶች ተመርኩዞ ሥራው በሌላ መንገድ የሚከናወንበትን ዘዴ መፈለግ ነው።

2. በኡራል ተራሮች አጠገብ

ይህ ትምህርት የተፈተነው በጦርነት ነው። ጀርመን በ1941 ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ሉሪያ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮች የሚታከሙበትና ችሎታቸው መልሶ የሚቋቋምበት ሆስፒታል እንዲያደራጅ ታዘዘ። ለዚህም በቼልያቢንስክ አጠገብ በምትገኘው በኪሴጋች መንደር ያለውን ባለ 400 አልጋ ማረፊያ መረጠ። በዚያ ቁስለኛው ቁስሉ ከሻረ በኋላ ወደ ቤት አይሰናበትም ነበር፤ እንደገና መናገር፣ ማንበብ፣ መቁጠርና መሥራት ይማር ነበር።

የዘዴውን ጠባይ ለመረዳት ሦስት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ከጦርነቱ በፊት ከቪጎትስኪ ጋር ከተደረገ ምርመራ የተገኘ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ የተያዘ ሰው በተስተካከለ ወለል ላይ እርምጃውን ለመቀጠል ይሳነዋል፤ ደረጃ መውጣት ግን ይችላል። እንግዲያስ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ተራ በተራ ቢደረደሩለት፣ እያንዳንዱን እየተሻገረ ይራመዳል። እግሩ አልታከመም፤ አንጎሉም አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ከውስጥ ይሰጥ የነበረው ትእዛዝ አሁን ከውጭ በሚታይ ምልክት መሰጠቱ ነው።

ሁለተኛው ቃላትን እያወቀ፣ የሰማውን እየደገመ፣ ነገር ግን የራሱን አሳብ በዓረፍተ ነገር መዘርጋት የተሳነውን ሰው ይመለከታል። ሉሪያና የሥራ ባልደረባው ሊዩቦቭ ጽቬትኮቫ እንዲህ ላለው ሰው ምንም ያልተጻፈባቸው ካርዶች በፊቱ ደርድረው፣ በተራ በጣቱ እየነካ እንዲናገር አደረጉት። ዝም ብሎ የነበረው ሰው ካርዶቹን እየነካ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ፤ ካርዶቹ ሲነሡም ችግሩ ተመለሰ። ካርዱ ቃል አልሰጠውም፤ የሰጠው የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ነው። ከብዙ ልምምድ በኋላ ካርዱ በዓይን ብቻ፣ ቀጥሎም በአሳብ ብቻ እንዲተካ ይደረጋል።

ሦስተኛው በ1943 በጥይት ግራ አንጎሉ የተጎዳ የ23 ዓመት ወጣት መኮንን ነው። ከጦርነቱ በፊት የምሕንድስና ተማሪ የነበረው ይህ ሰው ከቆሰለ በኋላ ፊደል የማይለይ፣ ቀኝ ቀኙ የማይታየው፣ የዕቃ ስም የሚጠፋበት ሆነ። ፊደልን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ተማረ። አንዱ ፊደል ሲጠፋበትም የፊደሉን ተራ ከመነሻው በቃሉ እየወረደ እስኪደርስበት ይፈልገው ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳዋል፤ ዓይን የረሳውን ፊደል ምላስ በዜማው ይዞት ይገኛልና። መጻፍ ግን አልሆን አለው፤ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ለማሰብ ሲታገል እጁ ይቆም ነበር። አንድ ቀን፣ ፊደል በፊደል ሳያስብ እጁን ከወረቀቱ ሳያነሣ ቃሉን ባንድ ጊዜ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ ጻፈም። የቀድሞው የእጅ ልማድ ከጉዳቱ ድኖ ኖሯል። የጻፈውን መልሶ ለማንበብ ግን እጅግ ይቸገር ነበር። ይህ ሰው በ25 ዓመት ውስጥ ስለ ራሱ 3000 ያህል ገጽ ጻፈ፤ ሉሪያም ከዚያ ላይ ተመርኩዞ በ1971 መጽሐፍ አሳተመ።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። መኮንኑ አልዳነም። የማየት ጉድለቱም፣ የመርሳት ችግሩም እስከ መጨረሻው አብረውት ኖረዋል። ያገኘው ነገር የቀድሞ ማንነቱን ሳይሆን፣ ለቀሪው ዘመኑ ትርጉም ያለው ሥራ ነው። ለቤተ ሰብ ሊነገር የሚገባውም ይኸው ነው፤ «እንደ ድሮው ይሆናል» የሚል ተስፋ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ «ምንም አይሆንለትም» የሚለውም እንደዚሁ ሐሰት ነው።

3. የመማር ችሎታ ስለሚለካበት መንገድ

ከዚህ ጋር የተዛመደ፣ ኢትዮጵያውያንንም በቀጥታ የሚነካ ሌላ ሥራ አለ። በ1921 በሩማንያ ተወልዶ በ2014 በኢየሩሳሌም ያረፈው ሬውቨን ፎየርሽታይን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእልቂት የተረፉ ልጆችንና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ልጆችን ይመረምር ነበር። በተለመደው ፈተና ብዙዎቹ ዝቅተኛ ውጤት አገኙ። እርሱ ግን ጥያቄውን ለወጠው፤ «ይህ ልጅ ምን ያውቃል?» ከማለት ይልቅ «ይህ ልጅ ሲያስተምሩት ምን ያህል ይለወጣል?» አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ይፈትናል፣ ቀጥሎ ያስተምራል፣ በመጨረሻም እንደገና ይፈትናል።

በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ጊዜ ይህ ዘዴ በልጆቻቸው ላይ ሥራ ላይ ዋለ። እርሳስና የሥዕል እንቆቅልሽ ሳይለምዱ ያደጉ ልጆች በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ቢያሳዩም፣ ከአጭር ትምህርት በኋላ ውጤታቸው በጉልህ ከፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ቢወሰድ ኖሮ አእምሯቸው እንደ ደከመ ተቆጥሮ በመዝገብ በተጻፈባቸው ነበር። በእርግጥ ፎየርሽታይን የሠራው የማስተማሪያ ፕሮግራም በየቦታው እኩል ፍሬ አላስገኘም፤ ጥናቶቹም የተለያየ ውጤት ያሳያሉ። የፈተናው ትምህርት ግን ጸንቶ ይኖራል፤ ሰውን ከመመዘን በፊት ሚዛኑን መመዘን ይገባል።

4. ልብ የሌለው ልምምድ

የተሰባበረ ችሎታ የሚጠገነው በልምምድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ ልብ ይጠይቃል። ነገር ግን የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ ከደረሰባቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በመንፈስ ጭንቀት ይያዛሉ። እንዲህ ያለው ሰው «ሰነፈ» ወይም «እልኸኛ ሆነ» ይባላል እንጂ ታመመ አይባልም። ስለዚህ የንግግር ልምምድ ከመጀመሩ በፊትም ሆነ እየተካሄደ ሳለ ኀዘኑ ሊጠየቅና ሊረዳ ይገባል።

ለዚህ ሁልጊዜ ከፍተኛ ሊቅ አይጠበቅም። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ በጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ የሠለጠኑ አረጋውያን እናቶች የተጨነቁትን እያነጋገሩ ችግራቸውን አንድ በአንድ እንዲፈቱ እንዲያግዙ አደረገ። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመው ጥናት ይህን እርዳታ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ የጭንቀት ምልክታቸው በጉልህ መቀነሱን አሳይቷል። ሽማግሌና ባልቴት የሚከበሩበት የኢትዮጵያ ኅብረተ ሰብ ለእንዲህ ያለው ሥራ ባዕድ አይደለም።

5. ከባለሙያው የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ ዘዴው ከቋንቋው ጋር መስማማት አለበት። በሩስኛ የተዘጋጀው የካርድ አሰላለፍ እንዳለ ቢተረጎም አይሠራም፤ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ልጁ ውሃ ጠጣ» ለማለት የመጀመሪያው ካርድ ለአድራጊው፣ ሁለተኛው ለተደራጊው፣ ሦስተኛው ለድርጊቱ ይሆናል። የድምፅ መለየት ልምምድም «ጠራ» እና «ተራ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» በመሳሰሉ የቋንቋው ጥንድ ቃላት ሊዘጋጅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ልምምዱ ከቤት ኑሮ ይቀዳ። የሥራ ቅደም ተከተል ለጠፋባት እናት ከቡና ማፍላት የተሻለ ትምህርት አይገኝም፤ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላትና መቅዳት በተራ የሚከናወኑ፣ ሽታና ድምፅ ያላቸው፣ በልማድ የጸኑ ተግባሮች ናቸው። ዕቃዎቹ በተራ ተደርድረው ሲቀመጡላት ረከቦቱ ራሱ እንደ ሉሪያ ካርድ ያገለግላታል። እሳቱና የፈላው ጀበና ግን አደጋ ስላላቸው ሰው አጠገቧ መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሰብ የሕክምናው አካል እንጂ ተመልካች አይሁን። ስለ አዘነላቸው ብቻ በሕመምተኛው ፈንታ የሚናገር ልጅ፣ ሳያውቀው አንደበታቸውን ይዘጋል። ቃሉን እስኪያገኙት መታገሥ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ መስጠት፣ የተሳሳተውን አለመሳቅ ሊማሩት የሚቻል ጥበብ ነው። ጸበል የሚወስዱ ቤተ ሰቦችንም መንቀፍ አይገባም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና ልምምዱ እንዳይረሳ ማስማማት እንጂ።

አራተኛ፣ ሥራው በቶሎ ይጀመር፤ በቶሎም አይቋረጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው መሻሻል ከፊሉ በድንጋጤ ደንዝዘው የነበሩ የአንጎል ክፍሎች መንቃት ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ግን የትምህርት ፍሬ ስለሆነ አዝጋሚ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ የሚተወውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለትዕግሥት ይነገራል። ይሁን እንጂ እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው የሚታቀፈው ሲያገኝ ነው፤ ብቻውን የተተወ እንቁላል ጊዜ ቢረዝም ይበላሻል እንጂ አይፈለፈልም። አንደበቱ የታሰረው አባት በጥግ ተቀምጦ ጊዜን እንዲጠብቅ ወይስ በፊቱ ሦስት ካርዶች ተደርድረውለት «ልጄ ውሃ አምጣ» የሚለውን ቃል እንዲፈልግ የሚወሰነው፣ ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ከጎኑ በሚቆመው ሰው ነው። ያ ሰው የሥነ ልቡና ባለሙያ እንዲሆን፣ ባለሙያ በሌለበትም ባለሙያ ያሠለጠነው ነርስ ወይም ልጅ እንዲሆን ማድረግ የዚህ ሙያ ግዴታ ነው።