የድምፁ ሰዓት በማን እጅ ነው?

(ከደንብ አጥኚው ኮሚቴ በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ውስጥ ደንባችን ድምፅ እንሰጣለን። በረቂቁ ውስጥ ሲነበቡ ቀላል የሚመስሉ ሁለት አንቀጾች አሉ። አንደኛው፥ የስብሰባውን አጀንዳ ሊቀ መንበሩ ብቻውን ያዘጋጃል ይላል። ሁለተኛው፥ ለኮሚቴ ኃላፊነት የታጨ ሰው ስሙ ሲቀርብ አንድ የሸንጎ አባል ከተቃወመ ሹመቱ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል ይላል። በእነዚህ አንቀጾች ላይ በደፈናው ከመከራከር ይልቅ፥ በሁለቱም ዓይነት አሠራር ለብዙ ዘመን የኖረ አንድ ምክር ቤት ምን እንደ ደረሰበት ብናጠና ይሻላል ብለን የአሜሪካን ሴኔት መረጥን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የሥልጣኑን ምንጭ እንመልከት። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጽ በ2ኛው ክፍል፥ አምባሳደሮችን፥ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችንና ሌሎችንም የመንግሥት ሹማምንት ፕሬዚዳንቱ እንዲያጭ፥ ሹመታቸው ግን በሴኔቱ ምክርና ስምምነት እንዲጸና ያዛል። በዚህ ሥራ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ድርሻ የለውም። ሚኒስትሮች በዚህ በር ያልፋሉ፤ የጦር መኮንኖችም የማዕረግ ዕድገታቸው በዚሁ በር ያልፋል። ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የአሜሪካ አምባሳደር እንኳ በደንበኛው መንገድ የሚሾመው እነዚህ 100 ሰዎች ሲስማሙ ነው።

ሴኔቱ እንቢ ለማለት እንደሚችል በ1989 ታይቷል። አባትየው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለመከላከያ ሚኒስትርነት ያጯቸው ጆን ታወር፥ ራሳቸው የቀድሞ ሴኔተር ሳሉ፥ 47 ደግፈዋቸው 53 ተቃውመዋቸው ወደቁ። በ2025 ለዚያው ወንበር የታጩት ፒት ሄግሴት ደግሞ ድምፁ 50 ለ50 ቢሆን በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ አለፉ። እንዲህ ያለው ድምፅ ለሁሉም ግልጽ ነው። ማን ደገፈ፥ ማን ተቃወመ ተብሎ ይጻፋል፤ ሕዝቡም በምርጫ ቀን ይጠይቅበታል። እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ግን ከድምፁ በፊት ያለውን ነገር ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንቱ የዕጩውን ስም በጽሑፍ ወደ ሴኔቱ ይልካል። ስሙ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል፤ የመኮንን ከሆነ ለጦር ኃይሎች ጉዳይ ኮሚቴ፥ የዳኛ ከሆነ ለፍትሕ ኮሚቴ፥ የአምባሳደር ከሆነ ለውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ማለት ነው። ኮሚቴው ለትልልቅ ቦታዎች የታጩትን አስቀርቦ ይጠይቃል፤ ከተስማማም ጉዳዩን ወደ ሙሉው ምክር ቤት ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስሙ ቁጥር ተሰጥቶት የሹመት ጉዳዮች በሚጻፉበት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ግን ለድምፅ ቀረበ ማለት አይደለም። ከመዝገቡ ላይ ማን ያነሣዋል? መቼስ ይነሣል? የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መልስ፥ የሚያነሣው የአብላጫው ፓርቲ መሪ ነው የሚል ነው። የዚህ ሹም ስም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንኳ አይገኝም። ነገር ግን ከ1937 ጀምሮ በጸና ልማድ፥ ብዙዎች ለመናገር በአንድ ጊዜ ሲነሡ ሰብሳቢው አስቀድሞ ቃል የሚሰጠው ለእርሱ ነው። አስቀድሞ የተናገረ አስቀድሞ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ስለዚህ የምክር ቤቱን የቀን ሥራ የሚደለድለው እርሱ ሆነ።

ይህ ልማድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2016 ታየ። በፌብሩዋሪ ወር የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በማርች 16 ሜሪክ ጋርላንድን አጩ። የአብላጫው መሪ ሚች ማኮኔል ግን፥ ዓመቱ የምርጫ ዓመት ስለሆነ ዳኛውን መጪው ፕሬዚዳንት ይምረጥ በማለት ጉዳዩን ሳያነሡት ቀሩ። ኮሚቴው ዕጩውን አስቀርቦ አልጠየቀም፤ ምክር ቤቱም ድምፅ አልሰጠም። ከ293 ቀን በኋላ፥ በጃንዋሪ 3 ቀን 2017 የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ የጋርላንድ ዕጩነት አብሮ አለቀ። በ2020 ደግሞ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በሴፕቴምበር 18 ሞቱ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኤሚ ኮኒ ባሬትን ስም በሴፕቴምበር 29 ላኩ፤ ሴኔቱም ምርጫው ሊደረግ 8 ቀን ሲቀረው፥ በኦክቶበር 26፥ በ52 ለ48 አጸደቀው። በሁለቱም ጊዜ መሪው ማኮኔል ነበሩ። እርሳቸው፥ በ2016 ፕሬዚዳንቱና ሴኔቱ የተለያየ ፓርቲ ነበሩ፤ በ2020 ግን አንድ ናቸው ብለው ልዩነቱን አስረድተዋል። ተቃዋሚዎቻቸው ይህን አልተቀበሉትም። የሁለቱን ክርክር ለእናንተ ፍርድ እንተወው። እኛ የምናየው፥ በሁለቱም ጊዜ የተጻፈ ሕግ አለመጣሱን ነው። በአንደኛው ጊዜ 293 ቀን አልበቃም፤ በሌላው ጊዜ 27 ቀን በቃ።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል፤ ጉዳዩን የሚያሳልፈው ዝምታ ነው። በየዓመቱ ወደ ሴኔቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስም ይጎርፋል፤ የሚበዛውም በረዥም ዝርዝር የሚላክ የመኮንኖች የማዕረግ ዕድገት ነው። በእያንዳንዱ ስም ላይ ልከራከር ቢል ምክር ቤቱ ሌላ ሥራ ባልሠራ ነበር። ስለዚህ መሪው ተነሥቶ፥ እነዚህ ሹመቶች ያለ ተቃውሞ ይጽደቁ ብሎ ይጠይቃል። ማንም ካልተናገረ ጸደቁ ማለት ነው፤ ዝም ማለት እንደ መስማማት ይቆጠራል። ከ100ው አንዱ «እቃወማለሁ» ካለ ግን ይህ አጭሩ መንገድ ይዘጋል። ሴኔተሩ ተቃውሞውን አስቀድሞ ለመሪው ሲያስታውቅ ነገሩ እገዳ ይባላል። እገዳውን ለመሻገር 16 ሴኔተሮች ክርክሩ ይዘጋ የሚል ጽሑፍ ይፈርማሉ፤ አንድ ቀን ይታለፋል፤ ከዚያ ክርክሩን ለመዝጋት ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወይም ለብዙ ሰዓት ይጠበቃል፤ በመጨረሻ ስለ ሹመቱ ራሱ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ሰው ሹመቱን አይከለክልም፤ ጊዜ ግን ይበላል። ጊዜ ለሌለው ምክር ቤት ደግሞ ሁለቱ ያው ናቸው።

ይህ ኃይል እስከ ምን እንደሚደርስ በ2023 ታየ። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት፥ ፅንስ ማስወረድ ከተከለከለበት ግዛት ወደ ተፈቀደበት ለሚሄዱ የጦር አባሎች የጉዞውን ወጪ የሚከፍል ደንብ አውጥቶ ነበር። የአላባማው ሴኔተር ቶሚ ተበርቪል ደንቡ እስኪነሣ ድረስ የጄኔራሎችና የአድሚራሎች ሹመት ያለ ተቃውሞ እንዳያልፍ አገዱ። ስለ ደንቡ ሰው ሁሉ እንደየእምነቱ ይለያያል፤ የእኛም ንግግር ስለዚያ አይደለም። የሴኔተሩም ክርክር እንዲያው ከንቱ አልነበረም። አስፈጻሚው ክፍል ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ ደንብ አወጣ፤ እኔም በእጄ ባለው መሣሪያ እጠቀማለሁ፤ መሪው ከፈለገ መኮንኖቹን አንድ በአንድ ለድምፅ ያቅርባቸው ይሉ ነበር።

እንግዲህ እናስላው። በዲሴምበር የታገዱት መኮንኖች ከ400 በላይ ደርሰው ነበር። ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ብቻ እንኳ ቢመደብ 800 ሰዓት ይሆናል፤ ምክር ቤቱ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ በቀን 8 ሰዓት ቢቀመጥ 100 የሥራ ቀን ይፈጃል። በዚህ መካከል ጁላይ 10 የማሪን ጦር አዛዥ ጡረታ ወጡ፤ ያ ጦርም ከ100 ዓመት በላይ ባልታየ ሁኔታ በሴኔት የጸደቀ አዛዥ አጣ። በኦገስት ወር የምድር ጦሩ፥ የባሕር ኃይሉና የማሪን ጦሩ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በተጠባባቂ ይመሩ ነበር። በየቦታው ጡረታ ሊወጣ የነበረው ቆየ፤ ሊተካው የነበረው በአሮጌ ማዕረጉ ጠበቀ፤ ልጆቹን ወደ አዲስ ትምህርት ቤት ለማዛወር የተሰናዳው ቤተሰብ ዕቃውን አስሮ ተቀመጠ።

በመጨረሻ መሪው ጥቂቶቹን አንድ በአንድ ለድምፅ አቀረቡ። በሴፕቴምበር ጄኔራል ብራውን የጦር ኤታ ማዦር ሹሞች ጉባኤ ሊቀ መንበር እንዲሆኑ በ83 ለ11 ጸደቀላቸው፤ ለምድር ጦሩ ጄኔራል ጆርጅ በ96 ለ1፥ ለማሪኑ ጄኔራል ስሚዝ በ96 ለ0 አለፉ። ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ወራት ሙሉ የተጠበቀው ለ96 ለ0 ነው! ጄኔራል ስሚዝ ምክትላቸው ገና ስላልጸደቀ የሁለት ሰው ሥራ ይዘው ሳሉ በኦክቶበር 29 በድንገት በልብ ሕመም ወደቁ። ሕመሙን እገዳው አመጣው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን በዚያች ቀን ሊተካቸው የሚገባው የጸደቀ ምክትል አልነበረም፤ ምክትሉ የጸደቁት ከ4 ቀን በኋላ ነው። በኖቬምበር 1 ምሽት የተበርቪል የራሳቸው ፓርቲ ሴኔተሮች እየተነሡ የመኮንኖቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ አመሹ፤ መልሱ ሁልጊዜ «እቃወማለሁ» ነበር። በዲሴምበር 5 ሴኔተሩ እገዳቸውን ከጥቂት ከፍተኛ ጄኔራሎች በቀር አነሡ፤ ወደ 425 የሚሆኑ ሹመቶችም በዚያው ቀን ድምፅ ሳይቆጠር በአንድ ጊዜ አለፉ። የቀሩትም በዚያው ወር ጸደቁላቸው። ደንቡ ግን በዚያን ጊዜ አልተነሣም፤ የተሻረው በ2025 በአዲሱ አስተዳደር ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፥ በማያገባቸው ጠብ የተጎዱት መኮንኖቹ ነበሩ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ እንዲህ ከሆነ የጥቂቶችን መብት አጥፍቶ አብላጫው በፍጥነት እንዲወስን ማድረግ ነው የሚል ይኖራል። ሴኔቱ ይህንንም ሞክሮታል። ቀድሞ የሹመት ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዴሞክራቶች ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በቀር ለሌሎቹ ዕጩዎች ተራ አብላጫ ድምፅ እንዲበቃ አደረጉ። በ2017 ሪፐብሊካኖች ይህንኑ ለጠቅላይ ፍርድ ቤትም አደረሱት። በ2019 ለብዙዎቹ ዕጩዎች ክርክሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጠበቀውን 30 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት አወረዱት። በ2025 ደግሞ ከሚኒስትር በታች ያሉ ዕጩዎች በጅምላ እንዲታዩ ወሰኑ፤ በሴፕቴምበር 18 ቀን 48 ሰዎች በአንድ ድምፅ፥ በ51 ለ47፥ ጸደቀላቸው። ፍጥነቱ ተገኘ። ነገር ግን ከ48ቱ አንዱ ብቁ ባይሆን ኖሮ ሴኔተሩ ያንን አንዱን ለይቶ የሚጥልበት ድምፅ በዚያን ቀን አልነበረውም። አንድ ፓርቲ ለራሱ ያሳጠረውን መንገድ ሌላው ተራው ሲደርስ ይሄድበታል፤ ከዚያም አልፎ ጥቂት ያሳጥረዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ሰዓቱን የያዘ ሰው ውሳኔውን ይዟል። በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተቀመጠ ሰዓት፥ የመሪም ሆነ የተራ አባል፥ ወሰን ከሌለው ሌሎቹን ድምፅ አልባ ያደርጋል። ስለዚህ ኮሚቴያችን በረቂቁ ላይ የሚከተለውን ማሻሻያ ያቀርባል።

1ኛ፤ አጀንዳውን ሊቀ መንበሩ ያዘጋጅ፤ ነገር ግን ከሸንጎው አባሎች ሩብ የሚሆኑት ፈርመው ያቀረቡት ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ የግድ ለድምፅ ይቅረብ። ስሙ የታጨ ሰው «አይሆንም» መባል ይችላል፤ መልስ ሳይሰጠው መቅረት ግን የለበትም።

2ኛ፤ አንድ አባል ሹመት ለማዘግየት ይችላል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻና ከ14 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ። ቀኑ ሲያልፍ ድምፅ ይሰጥ።

3ኛ፤ የተቃወመው ሰው ስምና ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሴኔቱ ራሱ በ2011 በስውር ማገድን አይቶ፥ ያገደ ሰው ስሙ በምክር ቤቱ መዝገብ እንዲወጣ ወስኗል። ምክንያቱም ስለ ታጨው ሰው ይሁን እንጂ ስለ ሌላ ጠብ አይሁን።

4ኛ፤ ብዙ ስም በአንድነት ሲቀርብ፥ አንድ አባል ከጠየቀ የተጠየቀበት ስም ተለይቶ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት።

ይህ የተማሪዎች ማኅበር ደንብ ነው፤ ምን ያህል ያስጨንቃል? የሚል ቢኖር፥ በአገራችን በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የሚኒስትሮችንና የፌዴራል ዳኞችን ሹመት ማጽደቅን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መስጠቱን እናስታውሰዋለን። ነገ ከእኛ አንዳንዶቻችን በዚያ ወንበር እንቀመጥ ይሆናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ስማችን በዚያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ እንጠብቅ ይሆናል። ዕጅ ማውጣትን ብቻ ተምረን ከወጣን፥ ሌላ ሰው በመረጠልን ሰዓት ዕጃችንን ስናወጣ እንኖራለን።

ዝምታ ለበግም አልበጃት ይባላል። ረቂቁ በሚነበብበት ቀን ሁለቱ አንቀጾች ሲደርሱ ዝም እንዳትሉ አደራ እንላለን፤ በዚያን ቀን ዝምታችሁ እንደ ስምምነት ይቆጠራልና።