የዛፍ ባለሙያዎች ጉባኤ ስለ ዝግባችን ምን ያስተምረናል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገረው በቦኖ ውኃው አጠገብ ስላለው ዝግባ ነው። እንደምታውቁት ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጉሊቱን ዳስ ደርምሶታል። ደግነቱ በሰዓቱ ሰው አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሦስት ተከፍሏል። ግማሹ «ከሥሩ ይቆረጥና እንረፍ» ይላል፤ ግማሹ «የአባቶቻችን ዛፍ ነው አይነካ» ይላል፤ የቀረው ደግሞ «አናቱ ብቻ ይቆረጥ» ይላል። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ስለምንሰጥበት፣ ከዚያ በፊት ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ የዓለም ባለሙያዎች ተሰብስበው የተማማሩትን ብናካፍላችሁ ይጠቅማል ብለን አስበናል።

«ለዛፍም ጉባኤ አለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎን አለ፤ ያውም መቶ ዓመት ያለፈው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 በአሜሪካ አገር፣ በኮነቲከት ግዛት፣ ስታምፎርድ በምትባል ከተማ፣ ዛፍ እናክማለን የሚሉትን ሰዎች የሚፈትነው ቦርድ ባለሙያዎችን ጠርቶ ሰበሰበ። በዚያን ጊዜ ችግር ነበረባቸው። በ1904 ኒውዮርክ ላይ የታየው በሽታ ቼስትነት የሚባለውን ዛፋቸውን እየፈጀው ነበር። መጋዝ የያዘ ሁሉም የዛፍ ሐኪም ነኝ ባይ ነበር። ያ ስብሰባ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ዓለም አቀፍ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር ሆኗል። በ2024ም አትላንታ ከተማ ላይ ተሰብስቦ መቶኛ ዓመቱን አክብሯል።

ታዲያ በዚህ ጉባኤ ላይ ምን ይሠራል? ተመራማሪው ጥናቱን ያነባል፤ የከተማ አትክልት ሠራተኛው የገጠመውን ይናገራል፤ በገመድ የሚወጣው ሠራተኛም ይጠይቃል። የተማረውና በእጁ የሚሠራው በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የዛፍ መውጣት ውድድር አላቸው። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለው፤ ከውድድሩ አንዱ ክፍል ዛፍ ላይ የተጎዳን ሠራተኛ በደኅና ማውረድ ነው። እኛ ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርተን በባዶ እግሩ፣ ገጀራ ይዞ፣ ያለ ገመድ እናወጣዋለን። ቢወድቅ ማን ያወርደዋል? ልጆቹንስ ማን ያሳድጋል? ይህን እናስብበት።

ከባለሙያዎቹ የተገኘው ትልቁ ትምህርት የአቆራረጥ ነገር ነው። አሌክስ ሺጎ የሚባሉ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ብዙ ሺህ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቁ ውስጣቸውን መርምረዋል። ያገኙትንም በ1977 አሳትመዋል። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ሥጋ አይሽርም፤ ዛፉ የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ አጥር ያጥርበትና በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ያበቅላል እንጂ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እብጥ ያለ አንገትጌ አለ። ያ አንገትጌ ሳይነካ ከእሱ አለፍ ብሎ ከተቆረጠ ዛፉ አጥሩን ያጥራል። ከግንዱ ጋር አስተካክለው ከላጩት ግን አጥሩን ማፍረስ ነው። ረጅም ጉማጅ ቢተውለትም ያው ይበሰብሳል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም መበስበሱን አያስቀረውም። ድሮ የዛፍ ባዶ ሆድ በሲሚንቶ ይሞላ ነበር፤ እሱንም ትተውታል። ባለሙያ የሚባለው እንዲህ አሮጌውን ልማድ እየመረመረ የሚያርም ነው።

«አናቱ ይቆረጥ» ለምትሉም አንድ ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እየተቆረጠ ሲያቆጠቁጥ ስላየን ሁሉም ዛፍ እንዲያ ይመስለናል። ባሕር ዛፍ እኮ የሚቆረጠው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነው። ለጥላ የሚፈለግ ዛፍ ግን አናቱ ሲገመስ ቁስሉ ይሰፋል፤ ከዳር ላይ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥም ከእንጨቱ ጋር በደንብ ስላልተያያዘ ሲከብድ ይገነጠላል። አደጋውን እንቀንሳለን ብለን ከጥቂት ዓመት በኋላ እናባብሰዋለን ማለት ነው።

ሌላው የሥር ጉዳይ ነው። የዛፍ ሥር በብዛት ያለው ከላይኛው የአፈር ንብርብር፣ ከግማሽ ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ነው። ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ለቧንቧ መስመር በዝግባው በስተምሥራቅ ቦይ ሲቆፈር በርካታ ወፍራም ሥር መቆረጡን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ «አይነካ» ማለት ብቻም አይበቃም፤ መታየት አለበት። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል ወይ? ዛፉ በቅርቡ ማዘንበል ጀምሯል ወይ? በአንድ ወገን አፈሩ ተሰንጥቆ ተነሥቷል ወይ? የደረቀ ቅርንጫፍ የት የት አለ? እነዚህ ሳይታዩ «ይቆረጥ» ማለትም «ይቅር» ማለትም በጨለማ መፍረድ ነው።

በመሆኑም እኛ የሥራ አስፈጻሚ አባላት ለድምፅ የምናቀርበው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ አንድ የዛፍ ወይም የደን ባለሙያ መጥቶ ዝግባውን እንዲያይና በጽሑፍ እንዲነግረን፤

2ኛ/ የደረቀውና የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ብቻ አንገትጌው ሳይነካ፣ በገመድና በራስ ቁር በሚሠራ ሰው እንዲነሣ፤ የመብራት ሽቦው አጠገብ ያለውን ግን የመብራት ኃይል ሰዎች ሳይመጡ ማንም እንዳይነካው፤

3ኛ/ ጉሊቱ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ አጥሩ በኩል ዘወር እንዲል፤ በዛፉ ዙሪያም ቆሻሻ እንዳይቃጠልና መኪና እንዳይቆም፤

4ኛ/ ባለሙያው «አይድንም» ካለ ፈቃድ ተጠይቆ እንዲቆረጥና በክረምቱ መግቢያ ምትኩ እንዲተከል።

ወጪው ከማኅበሩ ሣጥን የሚሸፈን ሲሆን፣ ዋጋ ጠይቀን በሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባለን። ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው እንደሚበልጥ እናውቃለን። ሆኖም በጉሊቱ የሚውሉት እናቶችና ከቦኖው ውኃ የሚቀዱት ልጆች በዚያ ጥላ ሥር ናቸው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። የሚቃወም ካለ ይምጣና ይናገር፤ በአጥር ሥር ከመነጋገር በስብሰባ መከራከር ይሻላል።



የማኅበሩ ጸሐፊ