ለሕፃናት ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ስለ መምረጥ

(በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ ንግግር)



ሰው ቤት ሲሠራ መሠረቱን ያጠብቃል፤ ከብት ሲገዛ ምስክር ይጠራል፤ ገንዘብ ሲያበድር ውል ይጽፋል። ነገር ግን ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጡትን ልጆቹን፥ እርሱ ቢሞት ማን እንደሚያሳድጋቸው ሳይወስን የሚኖር ወላጅ ብዙ ነው። ስለ ሞት መናገር ሟርት መስሎ ስለሚታይ ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። ጉዳቱ ግን በሟቹ ላይ ሳይሆን በሕፃኑ ላይ ይወድቃል።

784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቀድሞው የምድር ባቡር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ሁሉ በባቡሩ፥ በወደቡና በንግዱ ምክንያት ብዙ ኢትዮጵያውያን በጅቡቲ ከተማ ኖረዋል። ዛሬም በጋላፊ መንገድ ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር፥ በወደብ የሚሠራው ሠራተኛ፥ በባልባላ ሻይ እየሸጠች ልጅ የምታሳድገው እናት አሉ። የእነዚህ ሰዎች ልጅ አያቱ በድሬዳዋ፥ አጎቱ በደሴ፥ አክስቱ በአዲስ አበባ ይሆናሉ። በአገር ቤት ወላጅ ሲሞት ዘመድ በለቅሶው ላይ ተሰብስቦ ስለ ልጁ ይመክራል። እዚህ ግን ሕፃኑን መጀመሪያ የሚያስጠጋው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱም ምንም ደግ ቢሆን፥ የሟቹን ቀሪ ደመወዝና ካሣ በልጁ ስም ለመቀበል ወይም ልጁን ይዞ ድንበር ለመሻገር በምን ሥልጣን እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ስለዚህ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ወላጅ በአገሩ ካለው ይልቅ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ጸንቷል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በሚጸናበት ስፍራ የሞግዚትነቱን ክፍል ተክቶታል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁለት ሹመት ያውቃል። አንደኛው አሳዳሪ ነው፤ ይኸውም የልጁን ኑሮ፥ ጤናና ትምህርት የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ሞግዚት ነው፤ ይኸውም የልጁን ንብረት የሚያስተዳድርና በሕግ ፊት ስለ እርሱ የሚቆም ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ለየብቻ መስጠትም ይቻላል።

አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ ሁለቱም አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ በሕይወት ለቀረው ይጸናል፤ የቀረውም ከእርሱ በኋላ የሚተካውን ሰው በኑዛዜ ሊሰይም ይችላል። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም ስለማይታወቅ፥ ባልና ሚስት ተማክረው አንድ ዓይነት ስም በየኑዛዜያቸው ቢጽፉ መልካም ነው። የተሰየመ ሰው ባይኖር ሕጉ ወደ አያቶች፥ ለአካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወደ አጎቶችና አክስቶች ይመለከታል። ይህ ተራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከአጎቶቹ ማን ልጁን እንደሚወድ፥ ማንስ ንብረቱን እንደሚወድ ከወላጁ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኑዛዜ በሦስት መንገድ ይደረጋል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፥ ተነቦና ተፈርሞ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። በራስ ጽሕፈት የሚደረገውን ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ ጽፎ፥ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፥ በየገጹ ቀን ጽፎ ይፈርማል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይፈርሳል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞት መቅረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ ይቀራል። በቃል ኑዛዜ ከሚፈቀዱት ጥቂት ነገሮች አንዱ የልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ አደጋ የደረሰበት ሾፌር ለሁለት ባልንጀሮቹ የሚናገረው ቃል ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ልጅን በመጨረሻዋ ሰዓት ላይ መጣል ጥበብ አይደለም።

በምርጫው ጊዜ ሀብት ብቻ መመዘኛ እንዳይሆን ያስፈልጋል። አያት ፍቅር አላት፤ ነገር ግን ልጁ ሳያድግ ጉልበቷ ሊደክም ይችላል። ልጅ የምትወድ አክስት ሒሳብ የማታውቅ እንደ ሆነች፥ ማሳደጉን ለእርስዋ፥ ንብረቱን ለታመነ ወንድም መስጠት ይቻላል። የክርስትና አባትም ሆነ የቅርብ ወዳጅ ሊሰየም ይችላል። የሚሰየመው ሰው አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ይበል፤ እርሱ ባይችል የሚተካው ሁለተኛ ስም ይጻፍ፤ ወንድምና እኅት እንዳይለያዩ ፈቃድ ይገለጽ፤ የንብረቱና የዕዳው ዝርዝር ከኑዛዜው ጋር ይቀመጥ።

በጅቡቲ ሪፑብሊክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የወጣ የቤተሰብ ሕግ አለ። ከወላጆቹ አንዱ ጅቡቲያዊ የሆነ እንደ ሆነ፥ ኑዛዜው በሁለቱም አገር እንዲጸና ምን ማድረግ እንደሚገባ ከመጻፉ በፊት ከሕግ አዋቂና ከኤምባሲው መጠየቅ ይሻላል። አንዱ ቅጂ በዚህ ከተማ በታመነ ሰው እጅ፥ ሌላው በአገር ቤት ቢቀመጥ ወረቀቱ ከልጁ አይርቅም።

አበው «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። አደራ ጥብቅ የሚሆነው ግን ተቀባዩ ሲታወቅ ነው። ለማን እንደ ተሰጠ ያልተነገረ አደራ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወላጅ ዛሬ ማታ ከትዳር ጓደኛው ጋር ተቀምጦ የአንድ ሰው ስም ይምረጥ፤ ያንንም ሰው በዚህ ሳምንት ይጠይቀው።