የገነተ ልዑል ግቢ ለጐብኚ የሚነግረው



ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገነተ ልዑል ግቢ የሚገባ ጐብኚ አስቀድሞ የሚያገኘው የዛፎችን ጥላ ነው። ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ይዘው በአትክልቱ መካከል ያርፋሉ። አያሌ ሰዎችም ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አይተው ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ ግቢውን በውበቱ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ያሠሩት የፋሺስት ወራሪዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት እንዲያመለክት ታስቦ ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ስለዚህም ወራሪው ለክብሩ ያቆመው ሥራ የሽንፈቱ ምስክር ሆነ።

በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት በሚያድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀናት ያለ ርኅራኄ ተጨፈጨፈ። መታሰቢያውም ከግቢው በር ውጭ በአደባባዩ ላይ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከእነርሱ መካከል ነበሩ።

በ1954 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን በዚያው አደራጀ። ነገሥታትና እንግዶቻቸው ይመላለሱበት በነበረው አዳራሽ፣ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በመገልገያ ዕቃዎቻቸው አማካይነት እንዲታይ ተደረገ። የቅዱሳት ሥዕላትና የሙዚቃ መሣሪያዎችም ስብስብ አለው።

እንግዲህ የአስጐብኚው ኀላፊነት ከዚህ ይመነጫል። እንግዳውን በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ቢወስደው የአንድ ሰው ምቾት ብቻ ያሳየዋል። ከደረጃው ጀምሮ፣ የደሙን ታሪክ ሳይሸሽግ ወደ ሕዝቡ ዕቃ ቢያደርሰው ግን፣ አንድ ሕንፃ የወራሪን ግፍና የወገንን መገዳደል አሳልፎ እንዴት የትምህርት ቤት እንደ ሆነ ያስረዳዋል። ደረጃውን ያላፈረሱት አባቶች ያስተማሩት ይኸው ነው፤ ክፉው ዘመን የተወው ምልክት ከነትርጕሙ ተጠብቆ ለትውልድ ይተላለፋል።