ከልብሱ በፊት ሆዱ
(ስለ አሮጌ ወንበር መቀመጫ እድሳት የቀረበ ንግግር)



ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ተመድቦ የሚሄድ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ፣ አዲስ ዕቃ ከጎንደር ከማስጫን ይልቅ ተዛውሮ ከሚሄድ ሰው አሮጌ ወንበር ቢገዛ የሚያስገርም አይደለም። እንጨቱ ጠንካራ፣ መቀመጫው ግን የጎደጎደ ይሆናል። ገዢውም አስቀድሞ የሚያስበው አዲስ ጨርቅ ማልበስን ነው። ይሁን እንጂ ተቀማጩን የሚያሳርፈው የወንበሩ ልብስ ሳይሆን ሆዱ ነው፤ ሆዱም የሚታየው ልብሱ ሲፈታ ብቻ ነው።

ስለዚህ በቤቱ ውስጥ መቀስ አንሥቶ ስፌቱን የሚተረትር ሰው፣ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም ሥራ ይመረምራል። ከላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከሥሩ ሣርና ብጥስጣሽ ጨርቅ ቢያገኝ የሚያፍረው አንድ ሠራተኛ አይደለም፤ መላው ሙያ ነው።

መቀመጫንና መኝታን ፈትቶ ማደስ ለአገሩ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። የጠፍር አልጋ ሲሠራ ጥሬ ቆዳ ተተልትሎ በውሃ ከራሰ በኋላ በእንጨቱ ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅም ተኰማትሮ ይጠብቃል። በዘመን ብዛት ሲረግብ ጠፍሩ እንደገና ይወጠራል እንጂ አልጋው አይጣልም። ኋላ የመጡት ሞላና ኮምፔርሳቶ፣ ስማቸው ከጣሊያንኛ የተወረሰ መሆኑ እንደሚያመለክተው፣ ከሌላ አገር የሥራ ልማድ ጋር የገቡ ናቸው፤ የማደስ ልማድ ግን ቀድሞ ነበረ።

ዛሬ በብዛት የሚገባው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ነገር የሚሠራ ሲሆን፣ የዚህን ኬሚስትሪ መሠረት የጣሉት ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የስፖንጅ ደኅንነት የሚታወቀው በውፍረቱ ሳይሆን በክብደቱ ነው። ለዘወትር መቀመጫ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ይመረጣል። ከዚህ ዓይነት የተቆረጠ፣ ጎንና ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መቀመጫ 750 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያው ልክ ተቆርጦ 400 ግራም ብቻ ከሆነ ቶሎ እንደሚጎደጉድ ሚዛኑ አስቀድሞ ይናገራል። ደግሞም ሙቀት፣ እርጥበትና የፀሐይ ብርሃን ስፖንጅን እያደከሙ በመጨረሻ ፍርፋሪ ያደርጉታል።

በአንጻሩ አርማጭሆ፣ መተማና ሑመራ ጥጥ የሚበቅልባቸው ቆላዎች ናቸው። ጥጥ አየር ያሳልፋል፤ በሙቀት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነውሩ መጠቅጠቁ ነው። ነገር ግን የተጠቀጠቀ ጥጥ ወጥቶ ፀሐይ ከመታና በደጋን እንደገና ከተነደፈ ይነሣል፤ የተፈረፈረ ስፖንጅ ግን አይመለስም። ስለዚህ ስፖንጅ ገንዘብ፣ ጥጥ ደግሞ በየጊዜው ጉልበት ይጠይቃል፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

የእድሳቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ልብስ ሳይቀደድ ተተርትሮ ለመቁረጫ ልክ ይቀመጣል። ትኋን እንዳይተላለፍ የሚታጠበው ጨርቅ 60 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ይታጠባል፤ የእንጨቱም ስንጥቅ ይፈተሻል። የላላው መጋጠሚያ በኮላ ይጠብቃል። ከዚያ ከአቡጀዲ የውስጥ ከረጢት ይሰፋል፤ ፍሬው በመዳመጫ የወጣለትና የተነደፈ ጥጥ፣ ኋላ መጠቅጠቁ ታስቦ፣ ሞላ ተደርጎ ይገባበታል። ጥጡ ወደ አንድ ወገን እንዳይሸሽ በረጅም መርፌና በጠንካራ ክር ከላይ እስከ ታች በየቦታው ይወጋል። ልብሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም አንድ ወገኑ በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚከፈት ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የቡና ከሰል በሚነድበት ቤት ወንበር ከምድጃ ይራቅ። ስፖንጅ ሲቃጠል መርዛም ጭስ ይወጣዋል፤ ጥጥም ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ሊጨስ ይችላል።

የሚከፈት ልብስ ለባለቤቱ ምቾት ነው፤ ለባለሙያው ግን ቃል ኪዳን ነው። ሥራውን ከፍቶ ለማሳየት የማይፈራ ባለሙያ ደንበኛው ቤቱ ውስጥ መቀስ ቢያነሣ አይደነግጥም። በቤቱ ወንበሩን የሚያድስ ሰው የሙያው ተቀናቃኝ አይደለም፤ ምስክሩ ነው። ምስክሩ የሚናገረውም ሠሪው በሆዱ ውስጥ ያኖረውን ነው።