ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማይቆም መሣሪያ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




የዛሬው ንግግሬ በብራውዘር የሚከፈቱ የሥራ መሣሪያዎችን በሎካል ሰርቨር ላይ ስለ መሥራትና ስለ ማካሄድ ነው። ጉዳዩ በመካከላችን ላሉት የመንገድ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የፓምፕ ቤቱ መዝገብ፣ የግንባታ ቦታው የሲሚንቶ ሂሳብ፣ የጤና ጣቢያው የመድኃኒት ገቢና ወጪ ሁሉ ወደ ኮምፕዩተር እየገባ ስለሆነ እያንዳንዳችንን የሚነካ ነው። እኔም የምናገረው ከመጽሐፍ ካገኘሁት ይልቅ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ስሠራ ከስሕተቴ የተማርሁትን ነው።

ድርና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የአሳብ መደባለቅ ማጥራት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ብራውዘር ሲከፍት ኢንተርኔት የከፈተ ይመስለዋል። በመሠረቱ ግን ብራውዘር ጠያቂ፣ ሰርቨር ደግሞ መላሽ ነው። በጠያቂና በመላሽ መካከል ውቅያኖስ ቢኖር፣ ሁለት ሜትር ኬብል ቢኖር ወይም ሁለቱም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ቢቀመጡ የሚነጋገሩበት ሥርዓት አይለወጥም። ኮምፕዩተር 127.0.0.1 በሚባለው አድራሻ፣ በተለምዶ ሎካልሆስት በምንለው፣ ራሱን ጠይቆ ለራሱ ሊመልስ ይችላል። በአንድ ግቢ ያሉ ኮምፕዩተሮችና ስልኮችም 192.168 ብለው በሚጀምሩት፣ ለውስጥ መረብ ብቻ በተለዩት አድራሻዎች አማካይነት ያለ ኢንተርኔት ይገናኛሉ።

የድር አጀማመርም ይህንኑ ያስረዳል። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳቡን ያቀረበው፣ በ1990 መጨረሻም የመጀመሪያውን ሰርቨር ያስነሣው በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ውስጥ፣ የተቋሙ ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን እንዲለዋወጡ በማሰብ ነበር። በኮምፕዩተሩ ላይም ይህ መኪና ሰርቨር ስለሆነ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። እንግዲህ ድር የተወለደው በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 አፓቼ፣ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ብቅ ሲሉ፣ በ2002 ደግሞ እነዚህን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚጭነው ኤክስኤኤምፒፒ ሲወጣ፣ ማንኛውም ተማሪ በራሱ ኮምፕዩተር ላይ ሰርቨር ለማቋቋም ቻለ። በመካከላችን ሶፍትዌር የምንሠራው ብዙዎቻችን እጃችንን ያፍታታነው በዚሁ ነው።

የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው። ፕሮግራሙን በየኮምፕዩተሩ መጫን አያስፈልግም፤ በአንድ ሰርቨር ላይ የታረመ ስሕተት ለሁሉም ይታረማል፤ ሠራተኛውም በእጁ ባለው ስልክ ሊሠራበት ይችላል።

ለአገራችን ለምን ያስፈልጋል?

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ሥራውን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት የገዛ መዝገቡን ለማየት አልቻለም። ከዚያ ያነሰው፣ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሰዓት መቋረጥማ በገጠር የዕለት እንጀራችን ነው።

ይህን በማሰብ የተሠራ ምሳሌ በአገራችን አለ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በብራውዘር የሚሠራ ነው። መስመር በሌለባቸው ጤና ተቋማትም በዚያው ባለ ኮምፕዩተር ላይ ተጭኖ እንዲሠራ፣ መረጃውም ኋላ ወደ ማዕከል እንዲተላለፍ ተደርጓል። የጤና ባለሙያዋ ሪፖርቷን ለመሙላት መስመር እስኪመጣ አትጠብቅም።

አንድ የኅዳር ምሽት

አሁን ወደ ራሴ ልምድ ልለፍ። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የቡና ንግድ ያሳደጋት ከተማ ናት። ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ሲኬድ በየወንዙ ዳር የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ይታያሉ። ገበሬው ቀን የለቀመውን ቀይ እሸት አመሻሹ ላይ ያመጣል፤ ይመዘናል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ እሸቱም በዚያው ሌሊት ይፈለፈላል። ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ምሽቱ የሩጫ ምሽት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ እንዲህ ያለ ጣቢያ የገበሬውን ስም፣ የሚዛኑን ኪሎና የሚከፈለውን ገንዘብ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራሁ። ዲላ ባለው ቤቴ፣ በላፕቶፔ ላይ፣ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ጣቢያው ላይ በአንዲት ትንሽ ኮምፕዩተር ጫንሁት፤ ዋይፋይ ዘረጋሁ፤ በኩራትም ተቀመጥሁ። በመጀመሪያው ምሽት መስመር ጠፋ። ሰርቨሩ ከአጠገቤ ስለ ነበር ምንም አላሰብሁም። ገጹ ሲከፈት ግን የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሆነ፤ የመመዝገቢያው ቁልፍ ሲጫኑት አይመልስም፤ ሂሳቡም አይደመርም። ምክንያቱ ቀላልና አሳፋሪ ነበር። ገጹን የሚያንቀሳቅሱትን የፕሮግራም ክፍሎችና የፊደሉን ፎንት ከውጭ አገር ሰርቨሮች በኢንተርኔት እንዲያመጣ አድርጌው ኖሯል። ቤቴ መስመር ስለ ነበረ ጉድለቱ አልታየኝም። ሎካል ያልሁት መሣሪያ ግማሽ አካሉ በውቅያኖስ ማዶ ነበር።

ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ የጣቢያው መዝጋቢ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከመሳቢያቸው ደብተርና ካርቦን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ማሽንህ ይጠብቅ፤ ቡናው ግን አይጠብቅም» አሉኝ። እስከ እኩለ ሌሊት በእጅ ጻፉ። እኔ ፋኖስ ያዥ ሆንሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማልጥሰው ሕግ አወጣሁ። መሣሪያው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ፎንቱም ሳይቀር፣ በዚያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከርክክብ በፊትም የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይሞከራል።

የሰዓቱ ጉዳይ

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ማንም ሳያየው የሚሠራ ስሕተት ነው። የተጠቀምሁባት ራስቤሪ ፓይ የተባለች ርካሽ ኮምፕዩተር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከአምስተኛው ሞዴል በፊት የነበሩት እንደነዚህ ያሉት ኮምፕዩተሮች ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጊዜ የሚቆጥር ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። ሲበሩ ትክክለኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ፤ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ከመጥፋታቸው በፊት ከያዙት ጊዜ ይቀጥላሉ።

አንድ ቀን ማታ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፕዩተሯ ገና የትናንቱ ማታ መሰላት። የእሸት ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣልና በዚያን ዕለት በኪሎ የሁለት ብር ጭማሪ ነበረው። መሣሪያው ግን ቀኑን አይቶ ዋጋ የሚመርጥ ስለ ነበር የገበሬውን ሁሉ ሂሳብ በትናንቱ ዋጋ ሠራው። ነገሩ የታወቀው አንዲት እናት ደረሰኛቸውን ለልጃቸው አስነብበው ስለ ተመለሱ ነው። የሁሉም ልዩነት ተሰልቶ ተከፈለ፤ ይህም ሊሆን የቻለው መዝጋቢው ደብተራቸውን ጎን ለጎን መጻፍ ስላላቆሙ ነው። እኔ ግን የሰው ላብ በአንድ ትንሽ ባትሪ ጉድለት ሊጠፋ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላሰብሁም ነበር።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባትሪ ያለው የሰዓት ክፍል መግጠም፤ ዋጋው አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ሥራ ሲጀመር መሣሪያው ቀኑንና ዋጋውን በትልቅ ፊደል አሳይቶ መዝጋቢው አይቶ ሳያረጋግጥ አንድም ደረሰኝ እንዳይቆርጥ ማድረግ። እኔ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጣለሁ።

ብራውዘሩ ሎካልሆስትን ያምናል፣ ጎረቤትን አያምንም

ሦስተኛው ነጥብ ለሶፍትዌር ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቅማል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት የት እንደ ሆነ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለውንም አይቀበልም። ከአራት ሄክታር ለማያልፍ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ለአብዛኛው የጌዴኦ ገበሬ ጠባብ ማሳም የሚያስፈልገው ይኸው አንድ ነጥብ ነው።

ነጥቡን በስልክ ብራውዘር ለመውሰድ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ በላፕቶፔም ሠርቷል። በመስክ ሠራተኞች ስልክ ግን እንቢ አለ። ብራውዘሮች የቦታ መጠቆሚያን፣ ካሜራንና ገጽን ያለ መስመር የሚያቆየውን ሰርቪስ ወርከር የሚፈቅዱት በምስጢራዊ ግንኙነት፣ ማለትም በኤችቲቲፒኤስ ለሚመጣ ገጽ ነው። ሎካልሆስት ከዚህ ነፃ ነው፤ በግቢው መረብ በ192.168 አድራሻ የሚመጣ ተራ ገጽ ግን ነፃ አይደለም። ስለዚህ ሠሪው ፈጽሞ የማያየውን ችግር ተጠቃሚው ሁልጊዜ ያየዋል። መፍትሔው ለውስጥ መረቡ የራሱን የእምነት ሰርተፍኬት አዘጋጅቶ በየስልኩ መጫን፣ ወይም በተመዘገበ የድር ስም ሰርተፍኬት አውጥቶ ስሙን ወደ ውስጥ አድራሻ ማመልከት ነው።

ቋንቋችንና ዘመን አቆጣጠራችን

መሣሪያው የሚሠራለትን ሰው መምሰል አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ መጻፍ ችግር አይደለም፤ መፈለግ ግን ችግር ነው። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፕዩተሩም ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል። ስለሆነም ለፍለጋ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ፣ የሚታየውን ስም ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው መተው ይገባል። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍም የአንድ ገበሬ ስም በሁለት ፊደል ሊመዘገብ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የብራውዘሩ ቀን መምረጫ ጳጉሜን አያውቅም፤ በውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው በእኛ አቆጣጠር ማሳየት የሠሪው ሥራ ነው።

ጥንቃቄ

ሎካል ሰርቨር የችግር ሁሉ መፍቻ ነው አልልም። መብረቅ ይመታዋል፤ ሌባ ይወስደዋል። የመረጃው ቅጂ በየማታው ተወስዶ በሌላ ቤት ማደር አለበት። ሁለት ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ከቁጥር 1 ጀምረው ከመዘገቡ፣ መረጃው ሲጣመር ይጋጫል፤ ከመጀመሪያው የጣቢያ መለያ ያለው ቁጥር መስጠት ያሻል። በግቢ ውስጥ መሆኑም ደኅንነት አይደለም፤ የዋይፋዩን ቃል የሚያውቅ ሁሉ የገበሬውን ገንዘብ ማየት የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ግዴታም ሆኗል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መሣሪያውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሠሪው ሥራ ለውጦ ሲሄድ ሰርቨሩ ጥግ ላይ አቧራ ይለብሳል። የሚፈርስ ድልድይ ያለ ንድፍ እንደማይጠገን ሁሉ፣ ሶፍትዌርም ያለ ሰነድ አይጠገንም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ፦

ሀ/ ለገጠር የሚሠራ ማንኛውም የብራውዘር መሣሪያ የኢንተርኔት ገመዱ ተነቅሎ፣ ኤሌክትሪኩም ሆን ተብሎ ጠፍቶና ተመልሶ ሳይፈተን ርክክብ እንዳይፈጸም በሙያ ደንባችን ይግባ፤

ለ/ በአማርኛ፣ አካባቢው በሚናገረውም ቋንቋ የተጻፈ የአሠራርና የጥገና መመሪያ የሥራው አካል ሆኖ ይቆጠር፤ ቢያንስ ሁለት የአካባቢው ሰዎችም ይሠልጥኑበት፤

ሐ/ የዘመን አቆጣጠሩንና የስም ፍለጋውን የመሳሰሉት፣ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ደጋግመን የምንሠራቸው ክፍሎች አንድ ጊዜ በጥሩ ተሠርተው በነፃ የሚታደሉበትን መንገድ ማኅበሩ ያስብ።

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ለዓለም ገበያ ያቀርባል፤ እንሰቱን ግን ከቤቱ አጠገብ ይተክላል። ገበያው በተዘጋ ቀን ቤተ ሰቡ ጦሙን አያድርም። ይህን ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚኖሩበትን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኛም ከዓለም ጋር የሚያገናኘንን መስመር እንፈልገዋለን፤ እንሠራበታለንም። የዕለት ሥራችን መዝገብ ግን ከጓሯችን ይሁን።

እኚያ መዝጋቢ ዛሬ በመሣሪያው ይሠራሉ። ደብተራቸው ግን አሁንም በመሳቢያው ውስጥ አለ፤ እኔም እንዲያወጡት ጠይቄ አላውቅም።