ቱሪንገን ለምን ቀኝ አክራሪዎችን መረጠች?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም 2024 በምሥራቅ ጀርመን ቱሪንገን በተካሄደው የክልል ምርጫ፣ ኤኤፍዴ የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ 32.8 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። መራጩን ሁሉ ዘረኛ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም።

በዚያው ክልል ያለችውን የቢሾፈሮደ መንደር እንመልከት። ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን በ1990 ሲዋሐዱ የምሥራቁ መንግሥት ድርጅቶች በጅምላ ወደ ግል ዞሩ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ። የመንደሯ የፖታሽ ማዕድን ማውጫ እንዲዘጋ ሲወሰን ሠራተኞቹ በ1993 የረሃብ አድማ መቱ። ሰሚ አላገኙም። ማውጫው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። በመላው ምሥራቅ ወጣቱ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ትምህርት ቤትና ሱቅ ተከትሏቸው ተዘጋ፤ የቀረው ሰው ተረስተናል የሚለውን ቁጭት ለልጆቹ አወረሰ።

ኤኤፍዴ በ2013 ሲመሠረት ዋና ጉዳዩ ዩሮን መቃወም ነበር። ብዙ ስደተኞች ከገቡበት ከ2015 ወዲህ ግን ለዚህ የቆየ ቁጭት ጥፋተኛ ጠቆመለት፦ የውጭ ዜጋውን። የምሥራቁ የውጭ ዜጎች ድርሻ ደግሞ ከምዕራቡ ያነሰ ነው! ፋብሪካ ያልዘጋ ሶሪያዊ ወይም ኤርትራዊ ስደተኛ የሌላውን ዕዳ መክፈሉ ያሳዝናል።

ድህነት ብቻውንም መልስ አይሆንም። ደህና ደመወዝ እያላቸው፣ ነገ ያለኝን አጣለሁ ብለው የሚሰጉ መራጮች ብዙ ናቸው። ስጋቱም ምሥራቁን ተሻግሯል፤ በየካቲት 2025 አገር አቀፍ ምርጫ፣ የከሰል ማዕድን ማውጫዎቿ በተዘጉባት በምዕራቧ ጌልዘንኪርኸን ከተማም ኤኤፍዴ ቀዳሚውን የፓርቲ ድምፅ አግኝቷል።